የአያቴ የቀለም ቀንድ

ሰው ከወላጆቹ የሚወርሰው መሬትና ከብት፣ ቤትና ገንዘብ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር የተሳሳተ ይመስለኛል። መሬት በፍርድ ይነጠቃል፤ ከብት በበሽታ ያልቃል፤ ቤትም በእሳት ይጠፋል። ነገር ግን በደምና በልማድ፣ በዓይንና በእጅ የሚተላለፍ ሌላ ውርስ አለ። ይህን ውርስ ዳኛ አያከፋፍለውም፤ ወራሹም መውረሱን ሳያውቅ ብዙ ዘመን ይኖራል። አባቶቻችን «ዘር ከልጓም ይስባል» ያሉት ይህንን አይተው መሆን አለበት። እኔም የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ እንዲህ ያለ ውርስ ደረሰኝ። እንዴት እንደ ደረሰኝና ምን እንዳደረግሁበት ለአንባቢዎች ልገልጽ አስቤ ይህን ጽሑፍ ጀመርሁ። የስሕተቴን ዋጋ የከፈልሁት እኔ ብሆን ኖሮ ምናልባት ባልጻፍሁት ነበር፤ የከፈለችው ግን ሌላ ሰው ናት።

ነገሩ የሆነው በ1963 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ ከተማ ነው። አባቴ ገና በሕፃንነቴ ስለ ሞተ ያሳደገችኝ እናቴ ናት፤ ጠላ እየጠመቀች ትሸጥ ነበር። ከእናቴ አልጋ ሥር አንድ የተቆለፈ ሣጥን ነበር፤ ቁልፉም ከማዕተቧ ጋር ታስሮ ካንገቷ አይለይም። በሣጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ስጠይቃት «የሙት ዕቃ ነው፤ አትንካው» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አትሰጠኝም። ስለ አባቷ፣ ማለት ስለ አያቴ፣ ስጠይቃትም ደብተራ እንደ ነበሩና እኔ ሳልወለድ እንደ ሞቱ ብቻ ነግራኝ ወሬውን ወደ ሌላ ትመልሰዋለች።

በትምህርት ቤት በሒሳብ ደካማ፣ በሥዕል ግን ከክፍሉ ሁሉ የቀደምሁ ነበርሁ። ይሁን እንጂ በሥዕሌ አንድ ጉድለት አይጠፋም ነበር፤ ይኸውም በሁሉ ነገር ላይ ዓይን ማውጣቴ ነው። መምህራችን ጀበና በጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው «ይህን ሳሉ» ሲሉን የኔ ጀበና ከአንገቱ በታች ሁለት ታላላቅ ዓይኖች ያወጣል። ዛፍ ስስል ከግንዱ ላይ ዓይን ይፈጠራል። መምህሩም ደብተሬን ከፍ አድርገው ለተማሪዎች እያሳዩ «የዚህን ልጅ ጀበና ቡና ልቅዳበት ብትሉ ዓይኑን ያፈጥባችኋል» ብለው አሳቁብኝ። እኔም አፈርሁ፤ ነገር ግን እጄ አልተመለሰም። ስስል አሰብሁት ብዬ የምናገረው ነገር የለም፤ እጄ ይሄዳል፤ እኔ እከተለዋለሁ።

በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር፣ ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ባላቋረጠበት በአንድ ማታ፣ ከሱቅ የለመንሁትን የስሚንቶ ከረጢት ወረቀት በወለሉ ላይ ዘርግቼ መሳል ጀመርሁ። ጥቁሩ ቀለም ከሰል፣ ቢጫው በውሃ የበጠበጥሁት እርድ፣ ቀዩም ከትምህርት ቤት ያመጣሁት የቀይ ቀለም ትራፊ ነበር። በመካከል አንድ ፊት ሣልሁ፤ ከፊቱም ዙሪያ ስምንት ክንፎች እንደ ኮከብ ጨረር ወጡ፤ በእያንዳንዱ ክንፍ ጫፍ ላይ ደግሞ አንድ አንድ ዓይን አደረግሁ። ሁሉም ዓይኖች ወደ ጎን የሚመለከቱ ነበሩ። እናቴ በአንድ እጇ ኩራዝ፣ በሌላው ማሰሮ ይዛ ገባች። ብርሃኑ በወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ማሰሮው ከእጇ አምልጦ ተሰበረ።

«ይህን ማን አሳየህ?» አለችኝ።

«ማንም አላሳየኝም።»

«ሣጥኑን ከፍተሃል!»

«እመቤታችንን አልከፈትሁም! ቁልፉ ካንቺ አንገት ላይ አይደለም ወይ?»

እናቴ አንገቷን ዳሰሰች፤ ቁልፉ በቦታው ነበር። ጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ከቆመች በኋላ ኩራዙን አስቀምጣ ሣጥኑን ሳበችና ከፈተችው። ከውስጡም አንድ የቀለም ቀንድ፣ ሁለት የመቃ ብርዕና በቀይ ቆዳ ማኅደር የተከተተ አንድ ጥቅል ብራና አወጣች። ጥቅሉን ከሥዕሌ አጠገብ ስትዘረጋው የራስ ጠጉሬ ቆመ። በብራናው ራስ ላይ ያ ፊት፣ ያ ስምንት ክንፍ፣ ያ ወደ ጎን የሚያይ ዓይን ነበር። የአያቴ መስመር ከኔ ይልቅ የቀጠነና የጸዳ ነው እንጂ ሥዕሉ አንድ ነበር።

እናቴም የሰወረችኝን ነገር በዚያች ሌሊት ነገረችኝ። አያቴ የታወቁ ክታብ ጸሓፊ ነበሩ። ሴት አያቴ የመጀመሪያ ልጃቸውን በደኅና ከወለዱ በኋላ ሦስት ልጆች ተከታትለው ሞቱባቸው፤ ሰውም ሾተላይ ነው አለ። አያቴ ይህን ክታብ ለገዛ ሚስታቸው ጻፉላቸው፤ ከዚህም በኋላ እናቴ ተወልዳ አደገች። ስለዚህ ዝናቸው በየአገሩ ወጣ። ዝና ግን ሁለት ስለት ያለው ቢላዋ ነው። ከዓመታት በኋላ የአንድ ጎረቤት ልጅ በድንገት ቢሞት «ማዳን የሚያውቅ መግደልም ያውቃል» የሚል ወሬ ተነሣ። ወዳጅ ራቀ፤ ባልንጀራ ጠፋ። አያቴ ሲሞቱም ቀብራቸው ላይ የተገኘው ሰው አስከሬኑን ለመሸከም እንኳ እየተተካካ የማይበቃ ነበር። እናቴም የአባቷን መጻሕፍት ለቤተ ክርስቲያን ሰጥታ፣ ይህ ነገር በቤቷ ዳግመኛ እንዳይነሣ ተሳለች።

«እንግዲህ ምን ላድርግ?» አለች ሥዕሌን እያየች። «እኔ በር ብዘጋ በመስኮት ገባ።»

አንባቢ ሆይ፤ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ በሒሳብ የሚወድቅ፣ በጀበናው የሚሳቅበት ልጅ፣ ከሁሉ የተለየ ኀይል በደሙ እንዳለ ሲነገረው ምን እንደሚሆን አስበው። በማግሥቱ ስወጣ መንገዱ የጠበበኝ መሰለኝ።

አያቴን ያውቁ የነበሩ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ስለ ነበሩ ከናቴ ተደብቄ ወደ እሳቸው ሄድሁ። መጀመሪያ አልቀበልም አሉኝ፤ በኋላ ግን ሥዕሉን ሳሳያቸው ረጅም ጊዜ ተመልክተው አስቀመጡኝ። ከእሳቸው የተማርሁት ይህ ነው። የክታብ ብራና ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ ይዘጋጃል፤ ቁራጮቹም በጠፍር ይሰፋሉ። ርዝመቱ የባለቤቱን ቁመት ያህል መሆን አለበት፤ ይህም ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቀው ነው። ጸሎቱ በግዕዝ ይጻፋል፤ ከጸሎቶቹም ቅዱስ ሱስንዮስ ሕፃናትን የምትገድለውን ውርዝልያን ድል የነሣበት ታሪክና መርበብተ ሰሎሞን የታወቁት ናቸው። ጽሑፉ ጥቁር ሲሆን የባለቤቱ የክርስትና ስም የሚገባበት ቦታ በቀይ ይለያል። በጸሎቱ መካከል የሚገባው ሥዕል ጠልሰም ይባላል፤ ቃሉ ከግሪክ ተነሥቶ በዐረብኛ በኩል ወደኛ የደረሰ መሆኑን ኋላ በትምህርት ዐወቅሁ። ዓይን የሚበዛበትም ምክንያት አለው። በሽተኛው ሥዕሉን ያያል፤ በበሽተኛው ዓይን ውስጥ ሆኖ የሚያየው ግን መንፈሱ ነው ይላሉ። ሥዕሉም መልሶ ያየዋል፤ መንፈሱ ይህን ማየት ስለማይችል ይሸሻል።

መሪጌታው ይህን ካስረዱኝ በኋላ ሁለት ነገር ጨመሩልኝ። አንደኛው፣ ሥራው ከጥንት ጀምሮ የሚነቀፍ መሆኑን ነው፤ ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አስማተኞችንና ጠንቋዮችን በመጽሐፍ የተቃወሙ፣ በቅጣትም ያሳደዱ ንጉሥ ነበሩ። ሁለተኛውም «አያትህ ክታብ ሲሰጡ፣ እኔ ጸሐፊ ነኝ እንጂ አዳኝ አይደለሁም፤ ወደምትሄዱበት ሁሉ ሂዱ፣ የምትጠጡትንም ጠጡ ይሉ ነበር። ይህችን ቃል ሳይናገሩ ክታብ ለሰው እጅ ሲሰጡ አላየሁም» አሉኝ። የመጀመሪያውን ሰማሁት፤ ሁለተኛውን ግን ልብ አላልሁትም። ለወጣት ልጅ ከትምህርት ሁሉ የሚከብደው እንዲህ ያለው ትንሽ ቃል ነው።

ነገሩ በከተማው ለመሰማት ብዙ ቀን አልፈጀበትም። በሌሊት እየቃዠች የምትባንን አንዲት ጎረቤታችን ከኔ ሥዕል አንዱን በአልጋዋ ራስጌ ሰቅላ እንቅልፍ ወሰዳት። ይህን ለአንዷ ነገረች፤ አንዷም ለሌላዋ። እኔ በመንገድ ሳልፍ «የደብተራው የልጅ ልጅ» ማለት ጀመሩ። እናቴ ይህን በሰማች ጊዜ አልተቆጣችም፤ ፊቷ ብቻ ጠቆረ። «ዛሬ የሚስሙህ ነገ ይወግሩሃል» አለችኝ። እኔ ግን ደንቆሮ ሆንሁ።

ከቤታችን ሦስት ቤት አልፎ አንዲት ባሏ የሞተባት ጥጥ ፈታይ ሴት ነበረች። ዘጠኝ ዓመት የሆናት አንዲት ልጅ አለቻት፤ ልጂቱንም የሚጥል በሽታ ይጥላት ነበር። በወደቀች ጊዜ ሰው ይርቃታል፤ በትንፋሽና በምራቅ ይተላለፋል ብሎ ይፈራል፤ የደፈረም ቢኖር ክብሪት ጭሮ ጭሱን ከማሽተት ያለፈ ርዳታ አያውቅም። እናቲቱ ግን ብልህ ስለ ነበረች ልጇን ወደ ሐኪም ቤት ወስዳ ፌኖባርቢታል የሚባል ኪኒን ታዘዘላት። ልጂቱ በየማታው ኪኒኑን መውሰድ ከጀመረች ወዲህ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጥላት የነበረው በወር አንድ ጊዜ ሆነ። ሆኖም ኪኒኑ ያስተኛታል፤ ወረፋውም አድካሚ ነበር። ስለዚህ የኔን ወሬ ስትሰማ አንዲት ዶሮና የፈተለችውን ድውር ይዛ መጣች።

ክታቡን በሦስት ቀን ሠራሁት። የልጂቱን ቁመት በፈትል ለካሁ፤ ከሣጥኑ የወጣውን የአያቴን ቀለም ቀንድ ሞላሁ፤ ስሟንም በቀይ ጻፍሁ። እውነቱን ለመናገር እስከዚያ ቀን ድረስ ከሠራሁት ሥዕል ሁሉ የሚበልጥ ነበር። እናቲቱ ተቀብላ ሳመችው፤ ከዚያም ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«የኔ ጌታ፣ እንግዲህ ኪኒኑንስ ልተወው?»

ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። አያቴ የሚናገሩት ቃል የተሠራው ለዚህች ሰዓት ነበር። ብናገረው ግን ክታቤ ያነሰ፣ እኔም ከሐኪሙ በታች የሆንሁ መሰለኝ። «እትዬ፣ እንደ ወደዱ ያድርጉ» አልኋት። ተይው አላልሁም፤ አትተይውም አላልሁም። ኋላ ለራሴ ስከራከር ብዙ ጊዜ በዚህች ቃል ልሸሸግ ሞከርሁ፤ ነገር ግን ሰው በማመን ጠይቆ ሲጠብቅ ግማሽ መልስ መስጠት ከሙሉ ሐሰት አያንስም።

ስምንት ቀን ልጂቱ ምንም አልሆነችም። እናቲቱም ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠርታ አመሰገነችኝ። በዘጠነኛው ቀን ከቀትር በኋላ ጩኸት ሰምተን ስንሮጥ ልጂቱ በምድጃው ላይ ወድቃ አገኘናት። እናቲቱ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር። ልጂቱን ያነሣት እናቴ ናት፤ ሌላው ሰው በሩ ላይ ቆሞ ክብሪት ይፈልግ ነበር። ቀኝ እጇ እስከ ክንዷ ተቃጥሏል፤ መንቀጥቀጡም አንዱ ሳያልቅ ሌላው እየተከተለ አልተዋትም። ከአንገቷ ላይ የኔ ክታብ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ማኅደሩ በአንድ ወገን ጠቁሯል። እናቴ ክታቡን አየችው፤ ከዚያም እኔን አየችኝ፤ አንዲት ቃልም አልተናገረችም። ልጂቱን አዝላ ወደ ሐኪም ቤት ሮጠች።

ሐኪሙ ከብዙ ድካም በኋላ መንቀጥቀጡን አቆመው። ኪኒኑ መቋረጡን ሲሰማም፣ እንዲህ ያለ መድኃኒት በድንገት ሲተው በሽታው ከቀድሞው ይልቅ በርትቶ እንደሚመለስ አስረዳን። እናቲቱ ስሜን አላነሣችም። «እኔ ነኝ ያስተውኋት» አለች። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ለማምለጥ በሩ ክፍት ነበር፤ እናቴ ግን ክንዴን ያዘችኝ። «ተናገር» አለችኝ። ሁሉንም ተናገርሁ። ሐኪሙ አልሰደበኝም፤ «እንግዲህ ቁስሉ እስኪሽር እየመጣህ አጠገቧ ተቀመጥ» ብቻ አለኝ። እናቴም በበኩሏ «የአባቴ ዕዳ አይደለም፤ ያንተ ነው፤ ራስህ ክፈል» አለችኝ።

በዚያ ሐኪም ቤት ሰባት ሳምንት ተመላለስሁ። የቃጠሎ ቁስል ጨርቅ ሲለወጥ ያልሰማ ሰው የሕፃን ጩኸት ምን እንደ ሆነ አያውቅም። በሦስተኛው ቀን ልጂቱ እኔን ባየች ጊዜ «ዶሮ ሣልልኝ» አለችኝ። እኔ ከዚያ ወዲህ እርሳስ አልያዝሁም ነበር፤ እምቢ ለማለት ግን ምን ፊት አለኝ? ዶሮ ሣልሁላት። በማግሥቱ ጨርቁ ሲለወጥ ዶሮዋን ከፊቷ አድርጌ ያዝሁላት፤ «ጫጩቶቿ የት አሉ?» አለችኝ። ጨርቁ እየተፈታ እኔ ጫጩት ሣልሁ፤ እሷም ዓይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል ትቈጥራለች። አለቀሰች፤ ነገር ግን እንደ ትላንቱ አልጮኸችም። ከዚያ ወዲህ በየዕለቱ እንዲህ እናደርግ ነበር። ሥዕል ሕመምን አላጠፋም፤ ዓይንን ይዞ ከሕመሙ ጥቂት አራቀ እንጂ። ያ መሪጌታ ስለ ዓይን የነገሩኝ ነገር በሌላ ትርጓሜ እውነት መሆኑን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ልጂቱ ወደ ቤቷ የምትመለስበት ቀን ሲቀርብ ሐኪሙ አንድ ችግር አነሣ። እናቲቱ ማንበብ አትችልም፤ ልጂቱም ትምህርት ቤት አልገባችም። ኪኒኑ አንድ ማታ እንኳ እንዳይዘለል በምን ይታወቃል? ይህን ስሰማ አሳቡ መጣልኝ። የደብተር ወረቀቶች በሙጫ እያያዝሁ ረጅም ጥቅል ሠራሁ፤ ርዝመቱንም የልጂቱን ቁመት ያህል አደረግሁት። በላዩ ላይ ሠላሳ ዓይኖች ሣልሁ፤ ዓይኖቹ ግን ብሌን አልነበራቸውም። ለልጂቱም «ማታ ኪኒንሽን በዋጥሽ ጊዜ ለአንዱ ዓይን ብሌን ታደርጊለታለሽ፤ ያን ጊዜ ያያል። ካልዋጥሽ ግን ዕውር ሆኖ ያድራል» አልኋት። ከጥቅሉ ጋር የአያቴን የቀለም ቀንድ ሰጠኋት። ቀኝ እጇ ጣቶቹ ተጣብቀው ስለ ቀሩ በግራ እጇ መያዝ ተማረች።

በወሩ መጨረሻ ጥቅሉን ይዛ ወደ ሐኪሙ ሄድን። ከሠላሳው ዓይን አንድም ዕውር አልነበረም። ሐኪሙ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያም ዝም አለ፤ በኋላም «ለሌሎች በሽተኞቼ ብትሠራልኝ ምን ይመስልሃል?» አለኝ። ለአሥራ አንድ ሰዎች ሠራሁ። ለእያንዳንዱም በሰጠሁ ጊዜ ያችን የአያቴን ቃል ሳልናገር አልቀረሁም፤ «እኔ ሠዓሊ ነኝ እንጂ አዳኝ አይደለሁም፤ የሐኪሙን ኪኒን ዋጡ።» ልጂቱ ግን ከሦስት ወር በኋላ የኔን ጥቅል አልፈለገችም፤ ዓይኖቹን ራሷ በግራ እጇ መሣል ጀመረች።

በ1965 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሄጄ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባሁ። ይህ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. የተመሠረተው በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ነው፤ እሳቸውም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቤተሰብ የተወለዱ በመሆናቸው ውርስን በዘመናዊ ትምህርት ማጽናት ምን እንደ ሆነ በሕይወታቸው ያሳዩ ሰው ነበሩ። እዚያም እኔ የማፍርበትን ነገር ታላላቅ ሠዓሊዎች ሲያከብሩት አየሁ። በለንደንና በፓሪስ ተምሮ የተመለሰው እስክንድር ቦጎሲያን በሥራዎቹ ውስጥ የክታብን ዓይኖችና መስመሮች አስገብቷል። ዘሪሁን የትምጌታም የጠልሰምን ሥዕል ከቀርከሃ ላይ አውጥቶ ለዓለም አሳይቷል። ጌዴዎንና ገራ የሚባሉት፣ ራሳቸው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ የጠልሰም ሠዓሊዎች፣ ሥራዎቻቸው ውቅያኖስ ተሻግረው በፓሪስና በኒው ዮርክ ታይተዋል። እኔ ከእነዚህ ጋር የምቈጠር አይደለሁም፤ ሕይወቴን ያሳለፍሁት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሥዕል በማስተማር ነው።

ይሁን እንጂ አንድ እንቆቅልሽ ለብዙ ዓመታት አልለቀቀኝም። ያን ሥዕል ሳላየው እንዴት ሣልሁት? በደሜ ያለው ምንድን ነው? መልሱን ያገኘሁት በ1989 ዓ.ም. እናቴ በመጨረሻ ሕመሟ ላይ ሳለች ነው። አንድ ማታ እጄን ይዛ «አንድ የዋሸሁህ ነገር አለ» አለችኝ። «ሣጥኑ ተዘግቶ የኖረው ሁልጊዜ አይደለም። ገና ሳትራመድ ኩፍኝ ያዘህ፤ ይሞታል አሉኝ። ስእለቴን አፍርሼ የአባቴን ክታብ ካልጋህ በላይ ዘርግቼ ሰቀልሁት። አርባ ቀን ፊት ለፊትህ ነበር፤ እየጠባህ እሱን ታያለህ፤ እያለቀስህ እሱን ታያለህ። ስትድን አውርጄ ቆለፍሁበት። ያን ማታ ሥዕልህን ሳይ የደነገጥሁት ለዚህ ነው፤ እኔ ራሴ እንዳወረስሁህ ዐውቄ ነበር።»

አንዳንድ አንባቢ «እንግዲህ ተአምሩ ጠፋ» ይል ይሆናል። ለኔ ግን አልጠፋም፤ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ እንጂ። ዛሬ ሾተላይ ሐኪሞች የሚያውቁት ነገር ሆኗል፤ የእናትና የፅንሱ ደም በአርኤች ዓይነቱ ሳይስማማ ሲቀር የሚመጣ ጉዳት ነው። ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ልጅ ሳይነካ ተከታዮቹን ይጎዳል፤ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮም የሚከላከል መርፌ አለው። አባት ሁለቱን ዓይነት ውርስ አጣምሮ ከያዘ ደግሞ ከልጆቹ መካከል የእናቱን ዓይነት ደም የሚወስድና በደኅና የሚወለድ ይገኛል። እናቴ በሕይወት የኖረችው ምናልባት በዚህ ምክንያት ይሆናል። ከሆነም አያቴ ልጃቸውን ያዳኑት በብራና ሳይሆን ሳያውቁት በሰጧት ደም ነው። ይህን ባሰብሁ ጊዜ ለአያቴ ያለኝ ፍቅር አልቀነሰም። ሦስት ልጅ የቀበረ አባት፣ ሐኪም በሌለበት አገር፣ በእጁ ያለውን አንድ ነገር፣ ማለት ብርዑን፣ አንሥቶ ሌሊቱን ሲጽፍ ይታየኛል።

የኔ ዘመን ግን እንደ እሳቸው ዘመን አልነበረም፤ ኪኒኑ ከጎኔ ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ወደ 50 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎች የሚጥል በሽታ አለባቸው፤ በተገባ ታክመው ቢሆን ኖሮ ከ100 ሰዎች እስከ 70 ያህሉ ሳይጥላቸው ሊኖሩ ይችላሉ። ይህን ቁጥር ባነበብሁ ጊዜ የሚታየኝ አንድ ምድጃ ነው።

ያች ልጅ ዛሬ የልጅ ልጅ ያየች ሴት ናት። ኪኒኗን አላቋረጠችም፤ ከጣላትም ብዙ ዓመት አልፎታል። ባለፈው ዓመት ለጥምቀት ደብረ ማርቆስ ሄጄ ቤቷ ገባሁ። በግራ እጇ ቡና ቀዳችልኝ። የቀለም ቀንዱ በመደርደሪያዋ ላይ ነበር። «ውሰደው እንጂ ጋሼ፣ የአያትህ አይደለም ወይ?» አለችኝ። በአጠገቧም የስምንት ዓመት የልጅ ልጇ ተቀምጣ በደብተሯ ላይ ድመት ትሥል ነበር። ድመቲቱ ዓይኖቿ ከጭንቅላቷ ይበልጣሉ፤ ወደ ጎንም ያያሉ። እኔም የቀለም ቀንዱን አንሥቼ ከሕፃኒቱ ደብተር አጠገብ አስቀመጥሁትና «ቦታውን አግኝቷል፤ ይቆይ» አልኋት።

እናንተ መምህራን ሆይ፤ በክፍላችሁ ውስጥ ጀበናው ዓይን የሚያወጣበት ልጅ ቢገጥማችሁ አትሳቁበት። ነገር ግን ስጦታ አለህ ብላችሁ ብቻም አትተዉት። ሰው አምኖት በጠየቀው ጊዜ ሙሉ እውነቱን መናገርን ከብርዑ ጋር አስተምሩት። እኔን የጎደለኝ እሱ ነበር፤ ውርሱስ ደርሶኝ ነበር።